በየአርባ እርምጃው

ወይዘሮዋ ከመቀመጣቸው በፊት ወንበሩን በመሐረባቸው ጠረጉት። ጠርገው መሐረቡን አዩት፤ ንጹሕ ነው። አላመኑትም፤ ገልብጠው ደግመው ጠረጉ። ከዚያ በኋላ ነው ጫፉ ላይ ዐረፍ ያሉት፣ ወንበሩ ይናከስ ይመስል።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሣ ተመለከተች። የሰፈሩ ሰው «መርፌ» ነው የሚላት፤ ግማሹ በሥራዋ፣ ግማሹ በምላሷ ምክንያት። ሴትየዋን ከዚህ በፊት አይታቸው አታውቅም። ዐይኖቻቸውን ግን ታውቃቸዋለች። ስምንት ወር ሙሉ በየቅዳሜው ያየቻቸው ዐይኖች ናቸው፤ በሌላ ሰው ፊት ላይ ሆነው፣ ሌላ ጠባይ ይዘው።

«የመሐንዲሱ እናት ነኝ» አሉ።

«አውቄያለሁ። ምን ላስተካክልልዎ?»

«ልብስ ይዤ አልመጣሁም። ልብሴን የሚሰፋልኝ ሰው አለኝ።» የሱቁን ግድግዳ፣ የተንጠለጠሉትን ሱሪዎች፣ ወለሉ ላይ የረገፈውን ቁርጥራጭ ጨርቅ አንድ በአንድ አዩ። «ልጄ ደግ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሆዱ ቡቡ ነው። እግሯ የተሰበረ ድመት ባገኘ ቁጥር ቤት ይዞ ይመጣ ነበር። እኔ ደግሞ እሱ ሲተኛ አስወጣት ነበር።»

«ታዲያ ዛሬ ማንን ሊያስወጡ መጡ? እኔ እንደሆንኩ ቤቴ ውስጥ ነኝ።»

ወይዘሮዋ ፈገግ አሉ። ጥርሳቸው ብቻ ነው የፈገገው። «ልጄ ወደዚህ ሰፈር የመጣው መንገዱን ሊያሳምር ነው። ሊያገባው አይደለም።»

«መንገዱም አልጠየቀውም።»

«ጥሩ። እንግዲያው ተግባብተናል።» ቦርሳቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡ። «ሥራው አልቋል። ንድፉን ፈርሞ አስረክቧል፤ ዓርብ ለሕዝብ ይገለጻል። እነዚያ ወንበሮች ግን ቀርተዋል። መቼስ በየመንገዱ ወንበር ተደርድሮ ሥራ ፈት ሲሰበሰብበት ማየት ለማንም አያስደስትም።»

የመርፌ እግር የመኪናው መርገጫ ላይ ቀጥ አለ። «እሱ ራሱ ፈረመ?»

«በገዛ እጁ። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ።»

ከወጡ በኋላ ሽቷቸው ሱቁ ውስጥ ቀረ። መርፌ በሩን ከፈት አድርጋ መሥራት ሞከረች፤ ስፌቱ ጠመመባት፤ ፈታችው፤ ደግሞ ጠመመ። ንቀቱ አልነበረም ያቃጠላት፤ ንቀት በሜትር ለክታ የምታውቀው ነገር ነው። ያቃጠላት ወንበሯን እንደ በሽታ የጠረጉ ሴት ስለ እሱ እሷ የማታውቀውን አውቀው መምጣታቸው ነው።

*

ነገሩ የጀመረው በቀለማት ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ከጤና ጣቢያው እስከ ዋናው መንገድ የሚወርደውን ዳገት «ከነዋሪው ጋር በጋራ» ሊሠራው ነው ተባለ። አንድ ቅዳሜ ሰዎች መጡ፤ «ሐሳባችሁ ሀብታችን ነው» የሚል ጨርቅ ሰቀሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ቢጫ፣ ሮዝና አረንጓዴ ወረቀት አደሉ። ሕልማችሁን ጻፉ አሉ። ሰዉ ጻፈ። ፎቶ ተነሣ። ከዚያ ነፋስ መጣና ሕልሙን ሁሉ ቦይ ውስጥ ከተተው።

«ይቅርታ» ብላ ጠየቀች መርፌ፣ ከሁሉም ኋላ ቆሞ ወረቀት ሲለቅም የነበረውን ወጣት መሐንዲስ። «ይህን ወረቀት ስትጨርሱ ቢሮ ግድግዳ ላይ ነው የምትለጥፉት ወይስ ቁስላችን ላይ?»

ሌሎቹ እንዳልሰሙ ሆኑ። እሱ ግን ሳቀ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጨርቁንም ባለቀለሙን ወረቀትም ትቶ አንድ ካርቶን ጠመኔ ይዞ ብቻውን መጣ።

መንገዱን መንገዱ ላይ ነው የነደፉት። እሱ በጠመኔ ያሰምራል፤ ሰዉ ወንበርና ሳጥን እያወጣ ያስቀምጣል፤ ይጣላል፤ ያነሣል። ጫማ ጠጋኙ ጥላ ፈለገ። ሕፃን ያዘሉ እናቶች ከጤና ጣቢያው ሲወጡ መኪና የማያባርራቸው ሰፊ ጥግ ፈለጉ። የመርፌ አባት ምንም አልጠየቀም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሲገነባ የኖረ ግንበኛ ነው፤ አሁን ዳሌው ከድቶት በሳምንት ሦስት ቀን ጤና ጣቢያ ይመላለሳል።

«አባባ» አለው መሐንዲሱ አንድ ቀን፣ «እንደ ወትሮዎ ይውጡ። እኛ ከኋላ እንከተላለን።»

አባትየው በምርኩዝ ወጣ። መርፌ ከኋላ እርምጃውን ቆጠረች። አርባ ላይ ሲደርስ ቆመና ግንብ ተደገፈ፤ የደከመው እንዳይመስል ግንቡን በጣቱ እየኳኳ ሲሚንቶው አንሷል አለ። ደግሞ አርባ ሄደ፤ ደግሞ ቆመ። እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ዐሥራ አንድ ጊዜ ዐረፈ፤ ዐሥራ አንድ ጊዜ የሰው ግንብ ወቀሰ። መሐንዲሱ አባትየው በቆመበት ሁሉ እየተንበረከከ በጠመኔ አንድ አንድ ሳጥን አሰመረ።

«በየአርባ እርምጃው አንድ አግዳሚ ወንበር» አለ ቀስ ብሎ። ሲናገር ያየው ግን አባቷን አልነበረም። ጉልበቱ፣ እጁ፣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ እሷን ነበር የሚያየው። መርፌ ለማንም ሰው ዐይን መልስ የማታጣ ሴት፣ ያን ቀን ዐይኗን የመለሰችው ዘግይታ ነው።

በኋላ ያን ሁሉ የጠመኔ መስመር ሰፊ ወረቀት ላይ ገለበጠው። ሰማንያ ሦስት ነዋሪዎች በኅዳጉ ላይ ፈረሙበት፤ የማይጽፉት አሻራቸውን አተሙ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ክብ ማኅተሙን መታበት። ከዚያ በኋላ መሐንዲሱ ጠፋ። ሦስት ቅዳሜ አለፈ። እሷም ጨዋ ሰው ናትና፣ ሦስት ቅዳሜ በሙሉ በሩን አላየችም፤ በመስኮት ብቻ ነው ያየችው።

እናቱ መጥተው በሄዱበት ቀን ከሰዓት በኋላ ጫማ ጠጋኙ አንድ የተጠቀለለ ሰፊ ወረቀትና የታሸገ ደብዳቤ ይዞላት መጣ።

«መሐንዲሱ ከዳገቱ ሥር ሰጠኝ። ዐይኗን ማየት ፈራሁ አለ» አላት።

«መፍራቱ ደግ ነው» አለች። «ደፍሮ ያየ እንደሆነ ሌላ ነገር ይፈርም ነበር።»

ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋው ጀርባው ወደ ላይ ሆነ። የማዘጋጃ ቤቱ ክብ ማኅተም ከሥር በኩል በጥቂቱ ይታያል። ያንን አሁን የፈረመበትን አዲሱን ንድፍ ማስታወሻ ይሁንሽ ብሎ ነው የላከው አለች በልቧ፤ እናት ወንበር ትጠርጋለች፣ ልጅ ወረቀት ይልካል። ገልብጣ ልታየው አልፈለገችም። ደብዳቤውን ሳትከፍተው አራት ቦታ አጠፈችና የሚወላገደውን የጠረጴዛ እግር ደገፈችበት። ጠረጴዛው ቀጥ አለ። «ይኸው፣ ለአንድ ነገር ጠቀመ» አለች።

የወረቀቱ ጀርባ ነጭ፣ ጠንካራና ሰፊ ነበር፤ ለልብስ ቅድ ማውጫ እንዲህ ያለ አይገኝም። የአንድ ደንበኛ ኮት ልክ ነደፈችበትና መቀሷን አነሣች። ሁለት የፊት፣ አንድ የጀርባ፣ ሁለት እጅጌ፣ አንድ ኮሌታ። መቀሱ በተዘጋ ቁጥር ደረቷ ሞቅ ይላት ነበር። ስትጨርስ ሙቀቱ ወዲያው ለቀቃት፤ ቅዶቹን ሚስማር ላይ ሰቅላ ቆማ ስታያቸው፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ብርድ ብርድ አላት።

*

ዓርብ ጧት የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሞላ። የመሐንዲሱ አለቃ፣ የመምሪያው ኃላፊ፣ መድረኩ ላይ ነበሩ፤ ሲናገሩ እጃቸውን እንደ ባራኪ የሚያነሡ ሰው ናቸው። ከጀርባቸው አዲሱ ንድፍ ተሰቅሏል። የሚያብረቀርቅ ነው። በወንበሮቹ ቦታ በብረት የታጠረ አበባ፣ ከአበባው ቀጥሎ የመኪና ማቆሚያ። በንድፉ ላይ የሚንሸራሸሩ ሰዎችም ተሥለውበታል፤ ሁሉም ወጣት፣ ሁሉም ቀጭን፣ አንዳቸውም ዕቃ አልተሸከሙም። እንዲህ ያለ ሰው በዚያ ዳገት ላይ ወጥቶ አያውቅም።

መሐንዲሱ ከሹማምንቱ መደዳ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ከስቷል። መርፌ ይህን ያየችው ሳታስበው ነውና ፊቷን ወዲያው አዞረች። መክሳቱ ራሱ አበሳጫት፤ ሰው ከድቶ እንዴት ይከሳል?

«ይህ ንድፍ» አሉ ኃላፊው፣ «ከናንተው ጋር፣ በናንተው ሐሳብ፣ ለናንተው የተሠራ ነው።»

አባቷ ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣ። «ጌታዬ፣ የኔን ሐሳብ አበባው ሥር ፈልጌ አጣሁት። ዐሥራ አንድ ወንበር ነበር። አሁን የት ነው የማርፈው?»

«አባቴ» አሉ ኃላፊው እንደ ሕፃን እያባበሉ፣ «ሰፈሩ ሲያድግ እኮ ታክሲ በርዎ ድረስ ይመጣል። ደግሞም ተስማምታችኋል። ፊርማችሁ ከሰነዱ ጋር ተያይዟል።»

አንድ ሉህ ከፍ አድርገው አሳዩ። መርፌ ከሩቅ ዐወቀችው።

«ያ የስም መቆጣጠሪያ ነው» አለች ከተቀመጠችበት ተነሥታ። «ስብሰባ መምጣታችንን ነው የፈረምነው። እርስዎ ዘንድ መምጣትና መስማማት አንድ ከሆነ፣ ሁለተኛ ደጃፍዎን አንረግጥም።»

ሰዉ ሳቀ። ኃላፊው ግን አልተናደዱም፤ ዕቃው እጁ ውስጥ እንዳለ ሰው ተረጋግተው ነበር። «ሌላ ሰነድ ካላችሁ አቅርቡ፤ እናያለን። ከሌላችሁ ግን ወደሚቀጥለው...»

«አለ» አለ መሐንዲሱ።

ቆሟል። እጁ የፊተኛውን ወንበር ጨብጧል። «ሰማንያ ሦስት ሰው የፈረመበት፣ የራሳችን ማኅተም ያለበት ዋናው ንድፍ አለ። መዝገብ ቤት እንዳትፈልጉት፤ እኔ አውጥቼዋለሁ። ይህን የተሰቀለውን የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ልክ አለመሆኑን እያወቅኩ ነው የፈረምኩት።» በእጁ ወደ መርፌ አመለከተ። «ዋናውን ማክሰኞ ለእሷ ልኬላታለሁ።»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ መርፌን አያት። ጫማ ጠጋኙ ኩራት በኩራት ሆኖ ይስቅላታል። አባቷ «ልጄ ጋ ከሆነማ» ብሎ ተቀመጠ። ያ «ከሆነማ» ነው ወደ በሩ ያስዞራት።

«ቤት ነው» አለች። ድምፅዋን ራሷ አላወቀችውም። «ላምጣው።»

ሱቋ ስትደርስ መጀመሪያ ያደረገችው ጠረጴዛውን በትከሻዋ ማንሣት ነበር። ደብዳቤው ጠፍጥፎ፣ የጠረጴዛው እግር ክብ አትሞበት ወጣ።

«ፈርሜያለሁ። ይህን ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ሦስት ጊዜ ወደ ሱቅሽ መጥቻለሁ፤ ሦስት ጊዜም ከዳገቱ ሥር ተመልሻለሁ። ኃላፊው ‹አንተ ካልፈረምክ ሌላው ይፈርማል› አሉኝ። እናቴ አጠገቤ ነበረች። እኔም እንደ ተማሪ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ምክንያት አልደረድርልሽም፤ ፈርቼ ነው። በማግስቱ ፍርሃቴ አስጠላኝና ዋናውን አወጣሁት። ሌላ ቅጂ የለውም። ዓርብ ይዛችሁት ግቡ። ከማንም እጅ ይልቅ አንቺ ጋ ምንም አይሆንም።»

የመጨረሻዋን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበቻት። ከዚያ ሚስማሩ ላይ ወደተሰቀሉት ቅዶች ዞረችና ለመጀመሪያ ጊዜ ገልብጣ አየቻቸው። አንዱ እጅጌ ላይ የአባቷ አሻራ ነበር። በሕይወቷ ብዙ ሰው ንቃለች፤ ያን ቅጽበት ግን ከሁሉም የባሰ ንቀት የተሰማት ለራሷ ነበር፣ እንደ ኮሶ የሚመር።

*

ስትመለስ ኃላፊው ሰዓታቸውን እያዩ ነበር። መርፌ ማንንም ሳታናግር መድረኩ ላይ ወጣች፤ ስፒሎቿን ከንፈሯ ላይ ደረደረችና ቅዶቹን አንድ በአንድ በሚያብረቀርቀው ንድፍ ላይ ትሰካቸው ጀመር። የጀርባው ቅድ የዳገቱን ወገብ አመጣ። ሁለቱ የፊት ቅዶች ሲገጠሙ የእናቶቹ ጥግ ታየ። እጅጌዎቹ የጤና ጣቢያውን በር ያዙ። ማኅተሙ፣ ፊርማዎቹ፣ አሻራዎቹ ጠርዝ ጠርዙን ተቆርጠውም ይነበባሉ። የኮሌታው ቅድ ግን የለም፤ ደንበኛው ጨርቁን ሲወስድ ከጨርቁ ጋር ተጠቅልሎ ሄዷል። ትርፍራፊውን ደግሞ ማክሰኞ ጠርጋ ጥላዋለች። መሃል ላይ የእጅ መዳፍ የሚያክል ቀዳዳ ቀረ።

ኃላፊው ሳቁ። «ይህ ሰነድ ነው ወይስ ኮት?»

መርፌ ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። «የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለች፤ ለእሳቸው ሳይሆን ለሰዉ። «ምን እንደሆነ ሳላይ፣ ልብ ሳልል፣ የሰማንያ ሦስት ሰው ድካም እንደ ብጣሽ ቆጥሬ ቆረጥኩት። እንግዲህ እኔና ጌታው አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሠራነው። ልዩነቱ እኔ አፍሬያለሁ።»

የሚስቅ ሰው አልነበረም። አባቷ ተነሥቶ እያነከሰ እስከ መድረኩ ጥግ መጣ፤ ምርኩዙንም ወደ ቀዳዳው አነሣ። «እዚያ ጋ ከሦስተኛው ወንበር አርባ እርምጃ ነው። አራተኛው ነው የጎደለው።» «አምስተኛውም» አለ ጫማ ጠጋኙ፤ «ከኔ ጥላ ፊት ለፊት።» «የውኃው መውረጃም በዚያ ነው የሚያልፈው፣ እኔ ነኝ ያስቀየርኩት» አለች ሕፃን የታቀፈች ሴት። ሰው በሰው ላይ እየተነሣ የጎደለውን በቃሉ ሞላው። መሐንዲሱ ከሹማምንቱ መደዳ ወጥቶ መጣ፤ የሚሉትን እየሰማ በቀዳዳው ውስጥ፣ በሚያብረቀርቀው ወረቀት ላይ፣ በእስክሪብቶው አሰመረው። አበባው ላይ ወንበር አረፈበት።

ኃላፊው ጉዳዩ «ለድጋሚ እይታ» ተላልፏል ብለው ስብሰባውን ዘጉ። ለድጋሚ እይታ ማለት ሰውን ማድከም ማለት ነው፤ ይህ ሰፈር ግን ዐርፎ ደግሞ መነሣት ያውቅበት ነበርና በየሳምንቱ ቢሮው ደጃፍ ተገኘ። ከሁለት ወር በኋላ ከዐሥራ አንዱ ወንበር ስምንቱ ተፈቀደ፤ የመኪና ማቆሚያው ወደ ታች ወረደ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ሐሳቡ ከመጀመሪያው የራሱ እንደነበር በመግለጫ አስታወቀ።

ያን ቀን ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ያን ቀን የታወቀው መሐንዲሱ የቢሮውን ቁልፍ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ማስረከቡ ብቻ ነው።

*

ውጭ፣ ከአዳራሹ ደረጃ ሥር፣ የእናቱ መኪና ቆሟል። መስኮቱ እስከ ግማሽ ወረደ። «ግባ» አሉ ወይዘሮዋ።

«እማዬ፣ አንቺ ሂጂ። እኔ በእግሬ እመጣለሁ።»

«በእግርህ? ከማን ጋር?»

ፊቱን ወደ ደረጃው አዞረ። መስኮቱ ተዘጋ። መኪናው ሲሄድ መርፌ ደረጃው ላይ ነበረች፤ ጣቷን ስፒል ወግቷት በቀሚሷ ጫፍ ይዛዋለች።

«ደብዳቤዎን ዛሬ ነው ያነበብኩት» አለችው።

«ደብዳቤዎን?» አለ። «እርስዎ ሆንኩ?»

«ለፈራሚ ሌላ መጠሪያ አላውቅም።»

«ይገባኛል።»

«አይገባዎትም። ፊርማውን እችለው ነበር። ሰው ይፈራል፤ ፈርቶ ይፈርማል። እኔ ግን የሰማሁት ከእናትዎ ነው። ወንበሬን እየጠረጉ ነገሩኝ።» ድምፅዋ መቅጠን ጀመረ፤ አልፈቀደችለትም፤ ከፍ አደረገችው። «ሦስት ጊዜ መጣሁ ይላሉ። ከዳገቱ ሥር! አባቴ በዚያ ዳሌው ይወጣዋል። አንተ ግን በሁለት ጤነኛ እግርህ ተመለስክ።»

«አንተ» ማለቷን ሁለቱም ሰሙት። ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ።

«ለዚያ የምመልሰው የለኝም» አለ። «ፈሪ ነኝ። ይህን ያወቅኩት አንቺን ካወቅኩ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ጨዋ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።»

«ናቅሁህ» አለችው። «ከጠፋህ ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ናቅሁህ። ጧት ስነሣ ናቅሁህ፤ ክር ሳስገባ ናቅሁህ፤ ሰው ሲያወራኝ ቃሉን ሳልሰማ አንተን ስንቅ ነበር። ሥራ አስፈታኝ። አንድን ሰው እንዲህ አድርጎ ለመናቅ ቀኑን ሙሉ እሱን ማሰብ ያስፈልጋል።» ቆም አለች። «ለካ ናፍቀኸኝ ነው። ስሙን አሳስቼው ነው እንጂ ናፍቀኸኝ ነው የከረምኩት።»

እሱ ጥርሱን ነክሶ መሬት መሬት አየ።

«አሁንስ?» አለ በመጨረሻ።

«አሁንም እንቅሃለሁ።»

«ብዙ?»

«ዛሬ ከቆምክ በኋላ ትንሽ ቀነሰ። አትቸኩል። ራሴንም የምንቅበት አለኝ፤ ደብዳቤህን የት እንዳደረግሁት ብታውቅ አንተም ትንቀኝ ነበር።»

«የት አደረግሽው?»

«አልነግርህም።»

ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግማሽ መንገድ ላይ ወደ ልቅሶ ሊዞር ሲል ያዘው። «እሺ፣ ምን ላድርግ? ልሂድ? ነገ ልምጣ? ሥራ የለኝም፤ ቁልፍም የለኝም፤ እናቴም ዛሬ በር የምትከፍትልኝ አይመስለኝም። የምታዢኝን አደርጋለሁ።»

«ቁም» አለችው።

«እ?»

«ዝም ብለህ እዚህ ቁም። እስክጠግብ ልይህ።»

ሰዉ ከአዳራሹ እየወጣ በአጠገባቸው ያልፋል፤ አንዳንዱ ያስላል፤ ጫማ ጠጋኙ ሆን ብሎ ቀስ ይላል። አባቷ ደረጃውን ሲወርድ አያቸውና ያላየ መስሎ ስለ ደረጃው አሠራር ለራሱ ይናገር ጀመር። መርፌ ለአንዳቸውም መልስ አልፈለገችም። ፊቱን አየችው፤ የከሳውን ጉንጩን፣ የፈራውን ዐይኑን፣ ፈርቶም ያልሸሸውን። ንቀቱ ከውስጧ ጨርሶ አልወጣም፤ ቶሎም አይወጣ ይሆናል። ግን ከዚያ ሥር የነበረው ነገር ከወንበሩ፣ ከወረቀቱ፣ ከእናቱም ቀድሞ እንደነበረ አሁን ታወቃት። ንዴት ይሁን ደስታ ሳትለየው ዐይኗ ሞላና ፈሰሰ። አላበሰችውም። ይየው ብላ ተወችው።